የሳንታ ማሪና ኩርፊያ

ይህን ታሪክ በመጻፌ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የቤተ ክርስቲያንን ገመና ማውጣት ነውር ነው፤ የከንቲባን ገመና ማውጣት ደግሞ ነውርም ባይሆን ጥበብ አይደለም። እኔ የሁለቱንም አወጣለሁ። ይቅርታዬን የምጠይቀው ግን ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ትከሻዬ ላይ አንዳች ነገር ሳልጭን ነው። ለምን እንደዚያ እንደ መረጥኩ አንባቢዬ እየቆየ ይረዳልኛል።

ነገሩ ይህ ነው። በጣሊያን አገር፣ ሞንቴ ሶርዶ በምትባል የተራራ ከተማ፣ የሳንታ ማሪና ቤተ ክርስቲያን አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዞረችና ለከተማው ጀርባዋን ሰጠች።

በዚያ አገር ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል፤ ስለዚህ ስትዞር ያያት የለም። ነቅተው ወደ አደባባዩ ሲወጡ፣ በሩ በነበረበት በኩል የመቅደሱ ጀርባ፣ ያ ግማሽ ክብ ግንብ፣ ቆሞ ጠበቃቸው። በሩ ወደ ገደሉ ዞሯል። ከደፉ እስከ ገደሉ አፋፍ የቀረው ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ቦታ ብቻ ነው። መሬቱ አልተፋቀም፤ የአደባባዩ ንጣፍ አልተሰነጠቀም። ከመቅደሱ ሥር በቅሎ የነበረው ሣር እንኳ ሳይነቀል አብሯት መጥቷል።

የአገሬ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ይደንቃል?» ይል ይሆናል። የእኛ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ክብ ናቸው። ክብ ነገር ቢያኮርፍ አያስታውቅም፤ ስንቶቹ አኩርፈውን እንደሚኖሩ እግዜር ይወቅ። የእነሱ ግን እንደ ተገለበጠ ጀልባ ረጅም ናት። ግንባር አላት፣ ወገብ አላት፣ ጀርባ አላት። የጥንት ግንበኞች ሲያቆሟት መቅደሷን ወደ ፀሐይ መውጫ፣ በሯን ወደ መጥለቂያ አድርገው ነው፤ የሚገባ ሰው ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሮ እንዲሄድ። አሁን የሚገባ ሰው፣ ከገደሉ ከተረፈ፣ ፊቱን ወደ መጥለቂያ አዙሮ ይሄዳል። በሥነ ሕንፃ ታሪክ ይህ ከባድ ስሕተት ነው። እኔም በቦታው ስለነበርኩ ከባድ ስሕተት መሆኑን ወዲያው ተናገርኩ።

እኔ ላቀው እባላለሁ። ወደዚያ የተላክሁት የአውሮፓን ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት አሠራር እንዳጠና ነው። ሥራዬ መለካት ነበር፤ ሜትር ከእጄ አይለይም። ያረፍኩት በከንቲባው በሲኞር ኤርኮሌ ስካርፓንቲ ቤት ላይኛው ፎቅ ነው። ከንቲባው «ዶቶሬ» ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ግን የቤት ባለቤት አይታረምም ብዬ ዝም አልኩ። ደግ ሰው ነበሩ። ደግነታቸውን ከራሳቸው አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ቤተ ክርስቲያኗ ስምንት መቶ ዓመት ሆኗታል። ግድግዳዋ ወፍራም፣ መስኮቷ ጠባብ፣ ቅስቷ ክብ ነው፤ ሹል ቅስት ወደዚያ ተራራ ሳይወጣ ነው የተሠራችው። ከበሯ ፊት በሁለት ዓምድ የቆመች ትንሽ በረንዳ አለቻት። የዚያ ዘመን ግንበኞች ልማድ ነበራቸው፤ የበረንዳ ዓምድ ሲያቆሙ ከሥሩ አንበሳ ወይም ያጎነበሰ ሰው ያደርጋሉ። የሳንታ ማሪና የግራ ዓምድ ያረፈው ባጎነበሰ የድንጋይ ሰው ጀርባ ላይ ነው። ጉልበቱ ታጥፏል፣ አፉ ገርበብ ብሏል፣ ዓይኑ ወደ ደወሉ ግንብ ይመለከታል። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ በድሮ ዘመን ቤተ ክርስቲያኗን ያቃጠለ መስፍን ነው ይላል።

የቀኝ ዓምድ ግን የቆመው በብረት ቧንቧ ላይ ነው። የታችኛውን ድንጋይ የከንቲባው አያት ወስደው የአትክልት ቦታ ጠረጴዛ አድርገውታል። አያትየው የወሰዱት እሱን ብቻ አይደለም። በደቡብ በኩል የነበረውን የመነኮሳት ቅጥር አፍርሰው በድንጋዩ ቤታቸውን ሠርተዋል። ይህ በአውሮፓ የቆየ ሙያ ነው፤ የአንዱ ዘመን መቅደስ የሌላው ዘመን ማድ ቤት ነው። ከእኛም አገር አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሐውልት ወስደው ነበር። በኋላ መልሰውታል። እርግጥ ነው፣ በራሱ እግር አልመጣም፤ በአውሮፕላን ነው።

ከንቲባውም የአያታቸው የልጅ ልጅ ናቸው። በዚያው ዓመት ፀደይ ላይ ደወሉን አስወረዱ። «ተሰንጥቋል» አሉ። ስንጥቁን ያየ የለም። ደወሉ ገና በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ሕይወቱን ሙሉ የከተማውን ሙት ሁሉ በደወል የሸኘው ደዋዩ ኒካንድሮ ሞተ። ሚስቱ እማማ አሱንታ ወደ ከንቲባው ሄደው ደወሉ ለአንድ ቀን፣ ለቀብሩ ብቻ እንዲሰቀል ለመኑ።

«አዲስ ደወል ይመጣል» አሏቸው ከንቲባው። «ትንሽ ታገሺ።»

ኒካንድሮ ያለ ደወል ተቀበረ። ደወሉ ቀልጦ የከንቲባው የነሐስ ሐውልት ሆኖ አደባባዩ መሐል ቆመ፤ ከደረት በላይ፣ ከነፈገግታቸው። ከደወሉ የተረፈው በሆዱ ውስጥ ሲወዛወዝ የነበረው የብረት መምቻ ነው፤ እሱን እማማ አሱንታ ወሰዱት። የፍየል አይብ እየሠሩ ስለሚሸጡ አይቡን ይጫኑበታል።

ሳንታ ማሪና የዞረችው ሐውልቱ በተመረቀ በማግሥቱ ነው።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አደባባዩ ላይ የተባባሉትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ማን ፈቀደላት?» አሉ ከንቲባው።

«ማንንም አልጠየቀች» አሉ ቄሱ፣ ዶን ፕላቺዶ። ሽማግሌ ናቸው፤ አንዱ ጆሯቸው አይሰማም፣ ሌላው የሚሰማውን ይመርጣል።

«ምን ሆና ነው?»

ዶን ፕላቺዶ ስላልሰሙ እማማ አሱንታ መለሱላቸው። «አኩርፋ ነው፣ ጌታው።»

«በማን?»

እማማ አሱንታ ዞር አሉ። ሐውልቱን አዩት፤ ከዚያ ዘንቢላቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ምእመናኑ በጎን መስኮት በመሰላል ይገቡ ጀመር። ሕፃናት በመስኮት ተጠመቁ፤ አስከሬን በመስኮት ወጣ። ሠርግ ብቻ ተቋረጠ፤ ሙሽሮች በመሰላል አንወጣም አሉ። ከተማው በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመደው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም አልጽፈውም ነበር።

ከንቲባው አንድ ቀን ከቀትር እንቅልፋቸው ሲነቁ የማድ ቤታቸው ግድግዳ የለም። ምድጃው አለ፣ ድስቱ አለ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የነበረው የአያታቸው ፎቶግራፍም አለ። ፎቶግራፉ በነበረበት ቦታ አየር ላይ ተሰቅሏል። ድንጋዮቹ ከሳንታ ማሪና ደቡብ በኩል፣ የጥንቱ ቅጥር በነበረበት መስመር ላይ ተደርድረው ተገኙ። ኖራቸው ደርቋል። ለካኋቸው፤ ልክ ናቸው።

ፖሊስ ተጠርቶ መጣ።

«የጠፋው ንብረት የት እንዳለ ይታወቃል?» አለ።

«ያውና፣ ይታያል» አሉ ከንቲባው።

«እንግዲያው አልጠፋም» ብሎ ፖሊሱ ሄደ።

ቀጥሎ ደረጃው ሄደ። ቀጥሎ የእኔ ክፍል ግድግዳ ሄደና አልጋዬ ላይ ጋደም እንዳልኩ ሸለቆውን ማየት ጀመርኩ። ከንቲባው የቀሩትን ድንጋዮች በሰንሰለት አሳሰሩ። በማግሥቱ ሰንሰለቱ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ መቅረዝ ተሰቅሎበት ተገኘ። ወደ ሌላ ሰው ቤት ለመዛወር ሞከሩ፤ የሚቀበላቸው ጠፋ። በሞንቴ ሶርዶ አንድ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ድንጋይ የሌለበት ቤት የለም፤ እሳቸው ከገቡ ተከትላቸው ትመጣለች ብሎ ሁሉም በሩን ዘጋ። ከተማውን ለቀው እንዲሄዱ የመከሯቸውም ነበሩ። «ስካርፓንቲ ከቤቱ አይወጣም» አሉ። በዚያ ጊዜ ቤት የሚባለው የቀራቸው መኝታ ክፍላቸው ነበር። መኝታ ክፍሉ የተሠራው ገደሉ ላይ ወጣ ብሎ ነው፤ ወለሉን ይዘው ያቆሙት የመነኮሳቱ ድንጋዮች ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ተኝተው ሳለ ድንጋዮቹ ቢሄዱ አልጋው የት እንደሚሄድ ሁላችንም አውቀናል። ከንቲባው መተኛት ተዉ። ቀትር ላይ ከተማው ሲያንኮራፋ እሳቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ግድግዳውን ይጠብቁታል።

እንዲህ ዓይናቸው ደም ለብሶ ሳለ ነው የጠየቁኝ።

«ዶቶሬ፣ እናንተ አገር ቤተ ክርስቲያን ብታኮርፍ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ክብ ስለሆነች አይታወቅባትም» አልኩ።

«ሰውስ ቢያኮርፍ?»

«ሽማግሌ ይላካል።»

«ሽማግሌ አልሰማ ቢልስ?»

እማማ አሱንታ በዚህ መሐል አይብ ይዘው ደረሱ። ግድግዳ ስላልነበረ ማንኳኳት አላስፈለጋቸውም። ዘንቢላቸውን ምድጃው ላይ አሳርፈው ቆሙ።

እኔም የአገሬን ልማድ አስረዳሁ። የበደለ ሰው ድንጋይ ትከሻው ላይ ይሸከማል፤ አጎንብሶ፣ ሽማግሎቹን አስከትሎ የተበደለው ሰው ደጅ ይቆማል። ሽማግሎቹ ስለ ፈጣሪ ይላሉ። የተበደለው ሰው ልቡ ሲራራ «ይቅር ለእግዜር፤ አውርደው» ይላል። ድንጋዩ ይወርዳል፤ ነገሩም ያልቃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን ተረታችንንም ጨመርኩ፤ ዶን ፕላቺዶ በኋላ ሲነገራቸው «ድንጋይም?» ብለው ጠየቁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ» አሉኝ እማማ አሱንታ። «አውርደው ካላለችስ?»

«አያወርድም።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትል ድረስ።»

«ሌላ ሰው ሊያወርድለት አይችልም?»

«አይችልም። ይቅርታው የሷ ነው።»

«በቃሏ ነው የምትለው? በአፏ?»

«በቃሏ ነው፤ በልቧ ብቻ ብትል አይያዝም።»

እማማ አሱንታ አይቡን ከዘንቢሉ አውጥተው በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉት፤ ጠርዙን አጠፉት፤ አስተካከሉት።

«የሚያምር ልማድ ነው» አሉ።

ሽማግሎች ተመረጡ፤ ዶን ፕላቺዶ፣ እኔና እማማ አሱንታ። በጣሊያን ሴት ሽማግሌ መሆን ትችል እንደሆነ ተጠየቅሁ። ስለ አገሬ እንጂ ስለ እነሱ አላውቅም አልኩ።

በእሑድ ጧት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከንቲባው ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ድንጋያቸውን ይዘው ወጡ። የያዙት ከመታጠቢያ ቤታቸው የተረፈውን የተረከዝ መፋቂያ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ እማማ አሱንታ።

«ድንጋይ ነው» አሉ ከንቲባው። «ዶቶሬ ስለ መጠኑ ምንም አላሉም።»

እውነት ነው፣ አላልኩም። ከቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ አንድ ሸክላ ተንሸራቶ ከከንቲባው ጫማ ጫፍ ፊት ወድቆ ተፈረካከሰ። ሰው ሁሉ ሸክላውን አየ፤ ከዚያ ከንቲባውን አየ።

«ያጠፉበት ድንጋይ ቢሆን ይሻላል፣ ጌታው» አሉ እማማ አሱንታ፤ በአገጫቸውም የአትክልቱን ጠረጴዛ አመለከቱ።

ያ ድንጋይ ለአራት ጎረምሳ የሚከብድ ነው። ነገር ግን ከንቲባው ወደ እሱ ጎንበስ ሲሉ ድንጋዩ ራሱ ወደ ጀርባቸው መጣ። ለእሳቸው ተለክቶ እንደ ተሠራ ገጠመ። «ከበደዎ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ደህና ነው» አሉ፣ እየገረማቸው። እንዲህ ሆነው በሰሜኑ ግድግዳ ጎን ሄዱ፤ እኛ ሦስታችን ተከተልን፤ ከተማው ከኋላችን ተከተለ። በጠባቧ አፋፍ በጎናቸው አልፈው ከበሩ ፊት፣ ከቀኙ ዓምድ ሥር ሲደርሱ ቧንቧው ዘንበል ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። እሳቸውም ጉልበታቸውን አጥፈው ተንበረከኩ። ዓምዱ ወርዶ ድንጋዩ ላይ አረፈ። ምንም ድምፅ አልተሰማም። ጥሩ ግንበኛ ነበር የሠራው።

ዶን ፕላቺዶ ስለ ፈጣሪ አሉ። እኔም በአማርኛ ስለ ማርያም አልኩ፤ ልማዱ የእኛ ስለሆነ። እማማ አሱንታ ምንም አላሉም።

ጠበቅን።

«አለች?» አሉ ከንቲባው። ፊታቸው ወደ መሬት ስለሆነ አያዩንም።

«ገና ነች» አልኩ።

«አውርደው እንዳለች በምን እናውቃለን?»

ዶን ፕላቺዶ በዚህ ጊዜ ሰሙ። «ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ በደወል ነው የተናገረችው» አሉ። «ሞት ስትነግረን በደወል፣ ደስታ ስትነግረን በደወል። ሌላ አፍ የላትም።»

ሁላችንም ቀና ብለን የደወሉን ግንብ አየን። በባዶው መስኮት ሰማይ ይታያል። አንዲት እርግብ ገብታ በሌላው በኩል ወጣች።

ከንቲባው ጭንቅላታቸውን ለማዞር ሞከሩ፤ አንገታቸው እሺ አላለም። ቢሆንም አእምሯቸው ፈጣን ነበርና አሰቡ።

«ሐውልቱ!» አሉ። «ነሐሱ የሷ ነሐስ ነው። ምቱት። ሐውልቱን ምቱት፣ ድምፁ የሷው ድምፅ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እማማ አሱንታ። መምቻው እርስዎ ዘንድ ነው አይደል?»

«አለ። አይብ ላይ ተጭኗል።»

«እባክዎ ያምጡት።»

እማማ አሱንታ ሄዱ። ሳይቸኩሉ ሄዱ፤ ሳይዘገዩም ተመለሱ። መምቻውን እንደ ሕፃን በክንዳቸው ታቅፈውት ነበር። ሕዝቡ ተከትሏቸው በመቅደሱ ጀርባ ወደ አደባባዩ ወጣ። እሳቸው ሐውልቱ ፊት ቆሙ። ሐውልቱ እንደ ወትሮው ፈገግ ብሏል። መምቻውን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ አነሡት፤ እኔም ድምፁ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ለማወቅ ሜትሬን አዘጋጀሁ።

ከዚያ መልሰው ዝቅ አደረጉት። በሽርጣቸው ጫፍ ከሐውልቱ ግንባር ላይ የእርግብ ኩስ ጠረጉለት። መምቻውን ከሐውልቱ መቆሚያ ሥር አስቀመጡና በሰሜኑ ግድግዳ ጎን ወደ ከንቲባው ተመለሱ። ተከተልኳቸው፤ ሽማግሌ ስለሆንኩ።

«ተመታ?» አሉ ከንቲባው። «እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«አልተመታም።»

«ለምን?»

እማማ አሱንታ እንደሳቸው ጎንበስ አሉ፤ ፊት ለፊት ለመተያየት።

«ኒካንድሮ ሊሞት ሲል ቀትር ነበር» አሉ። «ጆሮው የለመደውን አጣ። 'አሱንታ፣ ቀትር ሳይደወል አለፈ እንዴ?' አለኝ። 'አሁን ይደወላል' አልኩት። ሲጠብቅ ሞተ። እኔ ውሸታም አልነበርኩም፤ በዚያ ቀን ግን ሆንኩ። አስዋሽተኸኛል።»

«እማማ አሱንታ፣ ስለ እመቤታችን…»

«አዲስ ደወል ይመጣል» አሏቸው። «ትንሽ ታገስ።»

እማማ አሱንታ ቀና ብለው ወገባቸውን በእጃቸው ደገፉና ሄዱ።

ፍትሕ ላለማጓደል አንድ ነገር ልናገር። መምቻው የሚነሣበት ቦታ ላይ ነበር፤ ከለከሉን የሚል የለም። ነገር ግን የማንም እጅ ባዶ አልነበረም። አንዱ ባርኔጣውን ይዟል፣ አንዷ ልጇን ታቅፋለች። አንዱ ደግሞ፣ ከንቲባው የውኃ ጉድጓዱን ያስደፈኑበት ሰው፣ አንዱን እጁን በሌላው እጁ ይዞ ቆሟል። ዶን ፕላቺዶ «እኔ ብመታውም መደወሉን አልሰማውም» አሉ። እኔ ሜትሬን ይዤ ነበር።

«አለች?» ይላሉ ከንቲባው ከአፋፉ። «ገና ነች?»

የምሳ ሰዓት ደረሰ። በሞንቴ ሶርዶ ከምሳ የሚበልጥ ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ገባ፤ በልቶም ተኛ። እኔም አደባባዩ ላይ ባለው አግዳሚ ጋደም አልኩ። ከንቲባው ሲጣሩ ጥቂት ጊዜ ሰማሁ። ድምፃቸው እየደረቀ ሄደ።

ስንነቃ ሳንታ ማሪና ፊቷን መልሳ ነበር። በሯ ወደ አደባባዩ ተከፍቷል። ሣሩ በቦታው አለ። የብረት ቧንቧው ለማንም መንገድ እንዳይዘጋ በጥንቃቄ ከግድግዳው ጋር ተደግፏል። የቀኙ ዓምድ ባጎነበሰ የድንጋይ ሰው ጀርባ ላይ አርፏል። ድንጋዩ እንደ ግራው ድንጋይ አርጅቷል፤ ጉልበቱ ላይ ሸረሪት ድር ሠርቶበታል፤ የጥቁር ልብሱ ቁልፎች ዝናብ እንደበላቸው ናቸው። አፉ ገርበብ ብሏል። ለካሁት፤ ከግራው ጋር በቁመት እኩል ነው። ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም፤ ለድንጋይ አንቱ አይባልም።

በግራው ላይ አንድ ለውጥ አየሁ። ድሮ ዓይኑ ወደ ደወሉ ግንብ ነበር። አሁን አንገቱን ዞር አድርጎ የቀኙን ያያል፤ ብዙ ዘመን ብቻውን ደጅ ጠንቶ በመጨረሻ ጎረቤት እንደ መጣለት ሰው።

መኝታ ክፍሉም በዚያው ከሰዓት በኋላ ሄደ። ድንጋዮቹ ቅጥሩን ሞሉት፤ አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም። አልጋው ገደሉ ሥር ተገኘ፤ አንሶላው አልተጨማደደም። ከስካርፓንቲ ቤት የቀረው የአያትየው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ባዶው ቦታ ላይ፣ ሰው በማይደርስበት ከፍታ፣ በአየር ላይ ተሰቅሏል። ነፋስ ሲነፍስ እንኳ አይዘምም።

ጎብኚዎች ይመጣሉ። አስጎብኚው ሁለቱን ዓምድ ተሸካሚዎች የስምንት መቶ ዓመት ጥንዶች ናቸው ይላቸዋል። አላረምኩትም። እማማ አሱንታ በየቀኑ ቀትር ሲቃረብ አይባቸውን ሸጠው ይመጡና ሐውልቱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። መምቻውን ጭናቸው ላይ ያደርጉታል። ልክ ቀትር ሲሆን በረንዳው ላይ ትንሽ አቧራ ይወርዳል፤ ሁለቱ ያጎነበሱ ሰዎች ራሳቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ ጥቂት ብቻ፣ ጆሮ እስኪከፈት ያህል። እማማ አሱንታ መምቻውን በሽርጣቸው ይወለውሉታል። ከዚያ ሁለቱ ራሳቸውን ይመልሳሉ፤ እሳቸውም ወደ ምሳቸው ይሄዳሉ።

እንግዲህ አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ለማንም አትንገሩ። ለከንቲባው ክብር ብዬ አይደለም። ከነገራችሁ አንድ ቀን አንድ ርኅሩኅ ሰው መዶሻ ይዞ ይመጣና ሐውልቱን ይመታዋል፤ የቀኙ ያጎነበሰ ሰው ድንጋዩን ያወርዳል፤ ዓምዱም የሚያርፍበት ያጣል። ቧንቧውን ደግሞ እማማ አሱንታ ለወይን ሐረጋቸው ድጋፍ ወስደውታል። ስምንት መቶ ዓመት የቆመች በረንዳ በርኅራኄ ምክንያት ልትፈርስ አይገባም። ስለዚህ ዝም በሉልኝ። በተለይ ቀትር ላይ ዝም በሉ፤ ያዳምጣሉ።